በሲሪንቃ የታሪክ ድራማ ለመቅረጽ ከመወሰንዎ በፊት

የ1966ቱን የወሎ ረሃብ የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ ሲሪንቃ ላይ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው አገር ለመቅረጽ ካሰቡ፣ ከአልባሳቱ በፊት ማሳውን ይዩ። ልብሱን አዲስ አበባ አሰፍተው ይመጣሉ፤ ማሳው ግን ያው የአሁኑ ነው።

ማሽላው የትኛው ነው? እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉት የአገር ዝርያዎች ረጃጅም ናቸው፤ ሰው ቆሞ ይሰወርባቸዋል፤ ለመድረስም ይዘገያሉ። ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ብዙዎቹ ግን ከረሃቡ ወዲህ የመጡ፣ አጠር ያሉና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ተዋናይዎ ደረቱ ላይ በሚቀር ማሽላ መሃል ከቆመ፣ የአካባቢው፣ የሀብሩ ወረዳ፣ ገበሬ ገና ሳይናገር ዘመኑን ይለይበታል። ስለዚህ ከአንድ ገበሬ ጋር ተዋውለው በሚያዝያ የአገሩን ዘር ያዘሩ። የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የደረቀ ማሳ ካስፈለገዎ የዚያን ማሳ ሙሉ ምርት ዋጋ አስቀድመው ይክፈሉ።

ነጭ አበባ ያለውን ቅንጬ አረም ከካሜራው ፊት ያስነቅሉ። ወሎ የገባው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከእርዳታ እህል ጋር እንደሆነ ይነገራል። ቢጫ ጀሪካንም አይታይ፤ እንስራና ቅል ይፈልጉ።

በብሩ ላይ የንጉሡ ምስል መኖር አለበት፤ ደርግ ኖቱን የቀየረው በ1969 ነው። መኪና በቀኝ ይሂድ። ታሪክዎ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በፊት ያለውን ጊዜ የሚያሳይ ከሆነ ግን በግራ ነው።

ረሃቡን ያሳየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 እንግሊዝ አገር ታየ፤ እዚህም ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በቴሌቪዥን ቀረበ። ለማጥናት ይዩት። በዚያ ውስጥ ያሉትን ፊቶች ግን በሜካፕ አይቅዱ፤ የሰው እናትና አባት ናቸው፤ ልጆቻቸውም ድራማዎን ሊያዩ ይችላሉ። የከሱ ሕፃናትን ፈልጎ ማሰለፍም ፈጽሞ አይገባም።

ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከ60 አልፏል። ድርሰቱን ለእነዚህ ሰዎች ያንብቡላቸው፤ «እንዲህ አንልም» ያሉትን ቃል ያውጡ፤ ለጊዜያቸውም ይክፈሏቸው።

የወረዳውን ፈቃድና የመንገዱን ጸጥታ ቡድኑን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ያረጋግጡ። ከዘር እስከ አጨዳ የሚያቆይ በጀት ከሌለዎ ደግሞ ቀረጻውን ለከርሞ ያስተላልፉት።