የቤት ዕዳን አስቀድሞ መክፈል መቼ ያዋጣል?

ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ ማታ ቤቱ ሲገባ ከባለቤቱ ጋር የሚነሳው ክርክር በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። እሱ «ገንዘቡን ዕቃ ላላምጣበት» ይላል። እሷ «ከባንኩ ዕዳ ቶሎ እንገላገል» ትላለች። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ በመካከል ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩ የሚፈታው ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሂሳቡን በመሥራት ነው።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የ20/80 ቤት የደረሰው ሰው የዋጋውን 80 በመቶ፣ የ40/60 ቤት የደረሰው ደግሞ 60 በመቶውን በባንክ ብድር እንዲሸፍን የሚያስችል አሠራር ተዘርግቷል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ከዱቤና ከዕቁብ ሌላ ዕዳ የማያውቅ በርካታ ቤተሰብ የረዥም ዓመት የባንክ ባለዕዳ ሆኗል። የረዥም ዓመት ዕዳ ባሕርይ ከዱቤ የተለየ በመሆኑ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል።

ወለዱ የሚበላው ፊት ለፊት ነው

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ 500,000 ብር በ9.5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ20 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ብድር ወሰደ እንበል። ወርኃዊ ክፍያው 4,660 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 3,958 ብሩ ወለድ ሲሆን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 702 ብር ብቻ ነው። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ ዕዳው ትልቅ በሆነበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ክፍያ ወደ ወለድ ይሄዳል። 15 ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው እንኳ ገና 222,000 ብር ገደማ ይቀርበታል። 20 ዓመቱ ሲያልቅ ለወለድ ብቻ የወጣው ገንዘብ 618,500 ብር ያህል ነው።

ከዚህ አንፃር አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ጥቅሙ በጊዜው ይወሰናል። ይኸው ቤተሰብ ብድሩን እንደጀመረ 100,000 ብር ከዋናው ዕዳ ላይ ቢቀንስና ወርኃዊ ክፍያውን በነበረበት ቢቀጥል፣ ዕዳው በ12 ዓመት ከ1 ወር ያልቃል፤ ወደ 346,000 ብር የሚጠጋ ወለድም ይቀርለታል። ያንኑ 100,000 ብር በ15ኛው ዓመት መጨረሻ ቢከፍል ግን የሚተርፈው ወለድ 42,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ዕቁብ የሌለው ደመወዝተኛም ቢሆን ከመጀመሪያው ወር አንስቶ በየወሩ 1,000 ብር ቢጨምር ብድሩን ከ7 ዓመት በላይ ቀድሞ ይዘጋል።

ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውልስ?

ዕዳ መቀነስ ማለት የዕዳውን ወለድ ያህል ያለ ሥጋት ማትረፍ ማለት ነው። በመሆኑም ማነፃፀሪያው ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ምን ያስገኛል የሚለው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100,000 ብር በዓመት 7,000 ብር ሲወልድ፣ የ9.5 በመቶ ዕዳ ላይ ቢውል 9,500 ብር ያድናል። ስለዚህ ከመጠባበቂያ በላይ የሆነ ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ከሚተኛ ዕዳ ቢቀንስ ይሻላል።

ለነጋዴ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ዕቁቡን ለቤት ዕዳ አውሎ የሱቁ ካዝና ሲደርቅ በ18 በመቶ ወለድ 100,000 ብር የሚበደር ነጋዴ፣ በዓመት 9,500 ብር ለማዳን 18,000 ብር ይከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የንግድ ብድር፣ ኦቨርድራፍት ወይም ወለድ ያለው የግል ዕዳ ካለ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ወለዱ ከፍ ያለው ነው።

የዋጋ ንረትም ሊዘነጋ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ በ9.5 በመቶ የተበደረና ገቢው አብሮ ያደገ ሰው፣ ዕዳው በእውነተኛ ዋጋው እየቀለለለት ሄዷል። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ውሉ ባንኩ ወለዱን መለወጥ እንደሚችል የሚደነግግ ከሆነም የዛሬው ርካሽ ዕዳ ነገ ሊወደድ ይችላል።

ቤቱ እንዳይሄድ

ትልቁ ሥጋት ያለውን ሁሉ ለባንክ ሰጥቶ ባዶ እጅ መቅረት ነው። በመጋቢት 100,000 ብር ያስገባ ቤተሰብ፣ ውሉ ካልፈቀደ በስተቀር፣ የሚያዝያውን ክፍያ መዝለል አይችልም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷል። ገበያ የቀዘቀዘበት ወይም ሕመም የገባበት ቤት የሚድነው በእጁ ባለው ጥሬ ገንዘብ ነው።

በዚህ መሠረት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የሦስት ወር የቤት ወጪና የባንክ ክፍያ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። ቀጥሎ በመስከረም የሚጠበቀው የትምህርት ቤት ወጪ ከየወሩ ገቢ ላይ እየተነሳ ይጠራቀማል። ከዚያ ወለዱ ከፍ ያለው ዕዳ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ወደ ቤቱ ዕዳ ይገባል። የሱቁና የቤቱ ሂሳብ በአንድ ኪስ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ነጋዴው ለቤቱ የተወሰነ ወርኃዊ ገንዘብ ቆርጦ መስጠት ይኖርበታል።

ባንክ ሲኬድ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አስቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ወይም ኮሚሽን መኖሩን ውሉ ላይ ማየት። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለዋናው ዕዳ መቀነሻ መሆኑን በጽሑፍ ማሳወቅና ቀሪውን ዕዳ የሚያሳይ ስቴትመንት መቀበል። ሦስተኛ፣ ወርኃዊው ክፍያ እንዲቀንስ ሳይሆን ዘመኑ እንዲያጥር መጠየቅ፤ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ነው። ዕዳው ሲያልቅም የባንኩን የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይዞ በይዞታው መዝገብ ላይ ያለው መያዣ መሰረዙን መከታተል ይገባል።

ወደ ባልና ሚስቱ ክርክር ስንመለስ፣ የቤቱ ወጪ ከባንክ ክፍያው ጋር በወር 20,000 ብር ቢሆን ከ100,000 ብሩ ዕቁብ 60,000 ብሩ መጠባበቂያ ይሆናል። ከፍ ያለ ወለድ ያለው ዕዳ ከሌለ ቀሪው 40,000 ብር በብድሩ መጀመሪያ ላይ ከዋናው ዕዳ ቢቀነስ፣ ብድሩ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወደሚቀረው ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ 180,000 ብር ገደማ ወለድም ይድናል። ባልም ሚስትም የሚስማሙበት፣ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት የማያስቀር ስሌት ይህ ነው።