የግል የአፈር ግድብና የጋዜጠኛው ጥያቄ

ግድብ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን መንግሥት የሚገነባው ትልቁ ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሳው ግን አንድ የእርሻ ባለቤት በገዛ መሬቱ ላይ አፈር ቆልሎ ለመስኖ የሚሠራውን ትንሽ ግድብ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ግድብ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም፤ ስለዚህ ጋዜጠኛም አይጠራም። ዜና የሚሆነው ሲፈርስ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ የደረሰውን እንመልከት። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ፣ ከባድ ዝናብ በሰነበተበት ወቅት፣ በናኩሩ ካውንቲ ሶላይ በተባለ ቦታ የአንድ የግል እርሻ ግድብ ተደረመሰ። ውሃው ከግርጌ ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የውሃ ባለሥልጣን ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው የተናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው። ግድቡ ለዓመታት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ጥያቄው ግን የመጣው ከለቅሶ በኋላ ነው።

ለመሆኑ የአፈር ግድብ እንዴት ይፈርሳል?

በብዛት የሚታዩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ውሃ ሞልቶ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። አፈር እንደ ኮንክሪት አይደለም፤ ውሃ ካለፈበት ይቦረቦራል፣ ቦዩ እየሰፋ ይሄድና ግድቡ ይበጠሳል። ለዚህ ነው ማስተንፈሻ የሚያስፈልገው፤ ማለትም ትርፉ ውሃ ግድቡን ሳይጎዳ የሚወጣበት፣ ከአናቱ ዝቅ ያለ መንገድ። በአሜሪካዋ ሃዋይ ለሸንኮራ አገዳ መስኖ የተሠራው የካ ሎኮ ግድብ የግል ንብረት ነበር። መጋቢት 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ከሳምንታት ዝናብ በኋላ ፈርሶ 7 ሰው ገደለ። ምርመራው ማስተንፈሻው በአፈር ተደፍኖ እንደነበረ አመለከተ። ግዛቲቱም በቀጣዩ ዓመት አዲስ የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች።

ሁለተኛው ውስጥ ለውስጥ መሸርሸር ነው። የዛፍ ሥር ወይም የአውሬ ጉድጓድ ለውሃው መንገድ ይከፍትለታል። ጥቂት ንጹሕ ውሃ ቢያዣ ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። የሚወጣው ውሃ ከደፈረሰ ግን ግድቡ የራሱን አፈር እየለቀቀ ነው ማለት ነው።

«ትንሽ ናት» የሚለውም ቃል አያታልለን። ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 100፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር የሆነ ኩሬ 50 ሺህ ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህም 50 ሺህ ቶን ውሃ ነው። አደጋው የሚለካው በግድቡ ቁመት ብቻ ሳይሆን ከታቹ በሚያድረው ሰው ጭምር ነው።

ታዲያ ጋዜጠኛ ምን ይጠይቅ?

እኔ አራት ጥያቄዎችን መርጫለሁ፦
1. ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ ትርፉ ውሃ በየት ይወጣል? መንገዱስ ክፍት ነው?
2. ከግድቡ ግርጌ የሚያዣው ውሃ ንጹሕ ነው ወይስ ድፍርስ?
3. ከታች ማን ይኖራል? ሌሊት ቢሆን ማን ይነግራቸዋል?
4. ፈቃዱን ማን ሰጠ? መጨረሻ የተመረመረውስ መቼ ነው?

እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። «ንብረቱ የግል ነው» የሚል መልስ ሊያጋጥመን ይችላል። እርግጥ ግድቡ የባለቤቱ ነው፤ ሲፈርስ የሚሄድበት መንደር ግን የእሱ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው የሕዝብ ነው፣ የሚጠየቅበትም ጊዜ ክረምት ሳይገባ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ!