ቅጠል መሰል ስለሚባለው የጡት ዕጢ

በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ የሚኖር ሰው የወረቀትን ዋጋ ከሌላው ይልቅ ያውቃል። ነጋዴይቱ የኪራይ ውሏን፣ የዕቃ ደረሰኟንና የዕቁብ ሒሳቧን ጠቅልላ በሣጥን ታኖራለች። ከጡቷ የወጣው እብጠት ምን እንደ ነበረ የተጻፈበት የላቦራቶሪ ወረቀት ግን ቁስሉ ሲደርቅ የትም ይወድቃል። በዚህ ወር የምናስረዳው ያ ወረቀት እጅግ ስለሚያስፈልግበት አንድ በሽታ ነው።

በጡት ውስጥ የሚወጣ እብጠት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ የተባለው ክፋት የሌለበት ዕጢ ነው። የጡት ነቀርሳ ወይም ካንሰር የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወተት መተላለፊያ ቧንቧዎች ይነሣል። ከሁለቱም የሚለየው ሦስተኛው ፊሎይደስ ይባላል፤ ከመቶ የጡት ዕጢዎች አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣለት ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ነው፤ ዕጢው ተሰንጥቆ ሲታይ ውስጡ እንደ ቅጠል የተደራረበ ነውና፣ በግሪክ ቋንቋም ፊሎን ማለት ቅጠል ነው።

አስቸጋሪነቱ በመልኩ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ክብና ከጣት ሥር የሚንሸራተት ስለ ሆነ ፋይብሮአዴኖማን ይመስላል፤ በአልትራሳውንድም ሆነ በቀጭን መርፌ በተወሰደ ናሙና መለየቱ ያስቸግራል። የሚያስጠረጥረው ፈጥኖ ማደጉ ነው። ሎሚ አክሎ የቆየው በጥቂት ወራት ብርቱካን ያክላል። ብዙውን ጊዜ ስለማያም ወይዘሮዋ ገበያዋን ሳታቋርጥ ትውላለች፤ ጎረቤትም በቅቤ እንድታሸው ይመክራታል። መታሸቱ ዕጢውን አያጠፋውም፤ ጊዜዋን ብቻ ይወስድባታል።

ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ክፉ ተብሎ ይፈረጃል። አብዛኛው ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ቀላሉም ቢሆን ከመቶ አሥር ያህሉ በዚያው ጡት ተመልሶ ይበቅላል፤ ክፉው ደግሞ ከመቶ ከ20 እስከ 30 ድረስ። የሚመለሰው በአብዛኛው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ምክንያቱም ዕጢው ወደ ዙሪያው ሥጋ ቀጫጭን ጣቶች ይሰዳል፤ ሐኪሙ በጠርዙ ቆርጦ ካወጣው ጣቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከጤነኛው ሥጋ ጭምር አስፍቶ ማውጣት ያስፈልጋል። የተቆረጠው ሥጋም፣ ቤተሰብ ይዞት የሚሄድ እንደ ሆነ፣ በውኃ ሳይሆን በፎርማሊን ተነክሮ ሳይቆራረጥ ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ። መርማሪው ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ተቆርጦ የተጣለ ሥጋ ግን ምንም አይናገርም።

ክፉው ዓይነት የሚሠራጨው እንደ ተራው የጡት ካንሰር በብብት ዕጢዎች በኩል ሳይሆን በአብዛኛው በደም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሳንባን፣ ቀጥሎም አጥንትን ይይዛል። በዚህም ምክንያት የብብትን ዕጢዎች ማውጣት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው የሆርሞን መድኃኒትም አይጠቅመውም። ለአንዳንዶች የጨረር ሕክምና ይታዘዛል። ይህን ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቻውን ሲሰጥ የኖረው፣ ከተክለ ሃይማኖት ብዙ የማይርቀው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ እናቶች ስታስረዱ ስለ ቀጠሮው አጥብቃችሁ ንገሩልን። ቁስሉ ድኗል ተብሎ ቀጠሮ አይቀርም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ጡቷ በየጊዜው ይዳሰስ፣ ዕጢው ክፉ ከነበረም ደረቷ በራጅ ይታይ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢጸናባት፣ ሐኪሙ ስለ ጡቷ ሳይጠይቃት አይቀርም ብላ አትጠብቅ፤ የቀድሞውን የላቦራቶሪ ወረቀት ከሣጥኗ አውጥታ ይዛ ትሂድ።