ከድንቅነሽ በላይ ያለው ፎቅ

በዚህ እትም "ትምህርታዊ" የሚለው ዓምድ ለእኔ ደርሶኛል። ባለፈው ወር ብሔራዊ ሙዚየምን ስለጎበኘን የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ግን ስለ ድንቅነሽ አይደለም። እሷን ሁላችሁም አይታችኋታል። የምጽፈው ከእሷ በላይ ስላለው የሥዕል ፎቅ ነው። "እኛም እኮ እዚያው ነበርን" የምትሉ ልጆች አትቆጡኝ። እናንተ ግቢው ውስጥ ፎቶ ስትነሱ ደረጃውን የወጣነው ስድስት ልጆችና የአማርኛ መምህራችን ብቻ ነን።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል። ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ነው። ያደገው እ.ኤ.አ. በ1958 ከተቋቋመው የአርኪዮሎጂ ተቋም ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ለሕዝብ የታዩት ነገሮች የንጉሣውያን ቤተሰብና ቅርብ ሰዎቻቸው የሰጧቸው የክብር አልባሳት ነበሩ። ስለዚህ ሙዚየሙ የአጥንት፣ የድንጋይና የካባ ቤት ሆኖ ነው የጀመረው። ዛሬም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ነው። እሷ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ናት። ከእሷ በላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋን አለ። ደረጃውን ስትወጡ ነው ሥዕሎቹ የሚገኙት።

እዚያ ከብራና ላይ ሥዕል ጀምሮ እስከ ዘመናችን የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ብራና ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ የሚሠራ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመሥራት ስንት ፍየል እንደሚያስፈልግ እናንተ አስሉት። (የሒሳብ መምህራችን ይህን ጥያቄ ቢወስዱት ደስ ይለኛል።)

አሁን ዋናው ትምህርት ይመጣል። በድሮው የኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ሰውን በዓይኑ ትለዩታላችሁ። ጥሩ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ወይም ጠላት ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የመጨረሻው እራት ሲሣል ይሁዳን በዚህ ታገኙታላችሁ። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ባህላዊ ሥዕሎችም እንደዚሁ ናቸው። የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፤ ጣሊያኖቹ አንድ፤ ከላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይመጣል። መምህራችን ይህን ሲነግሩን አንዱ ልጅ "ታዲያ ቲቸር፣ መታወቂያ ላይ በጎን ፎቶ የማይፈቀደው ለዚህ ነው?" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔ ግን ነገሩን ሳስበው ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ታሪኩን እንዲያነብ የተሠራ ፊደል መሰለኝ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም ብዙ ጊዜ የሚሣለው በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ነው። ልክ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ የሁለቱን መገናኘት የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የወታደሮቹን ጋሻ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የዳዊት ኮከብ አለበት። እኔ ሁለተኛ ዞሬ ስመለስ ነው ያየሁት።

የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ስማቸውን ሥራቸው ላይ አልጻፉም። ሥራው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቃ። በኋላ ግን ሥዕል ለመማር ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች መጡ። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው መጡ። አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1957 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

ፎቁ ላይ ረጅም ሰዓት ያቆመኝ ግን የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ "የአፍሪካ ቅርስ" ነው። በጣም ትልቅ ሥዕል ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ቀለም ብቻ ነው የሚታያችሁ፤ ወደ ኋላ መራቅ አለባችሁ።

የእሳቸውን ታሪክ ከዚያ ወዲህ አንብቤያለሁ። የተወለዱት በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው። በ15 ዓመታቸው፣ ማለትም ከ8ኛ ክፍል ልጆች ብዙም ሳይበልጡ፣ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። የተላኩት ለምን ይመስላችኋል? የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ! አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ የወጣችበት ጊዜ ስለነበር ማዕድን የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ነገር ግን እዚያ ያሉ መምህሮቻቸው የሥዕል ችሎታቸውን አይተው አበረታቷቸው። ለንደን በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ቀጥሎም ስሌድ የሚባለው ታዋቂ ትምህርት ቤት ተማሩ። ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ።

ከሁሉም የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከኤግዚቢሽኑ ባገኙት ገንዘብ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። አንዱ ሥራቸው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል መማር ነበር። ሌላው ግን ለንደን፣ ፓሪስና ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች ማጥናት ነው። አያችሁ? አንድ ኢትዮጵያዊ የአያቶቹን ሥዕል ለማጥናት ለንደን ድረስ ይሄዳል። ለንደን ካሉት ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸው ናቸው። መምህራችንን "ለምን አይመልሱልንም?" ብዬ ስጠይቃቸው "ጥቂቱ ተመልሷል፤ ለቀረው ጥያቄው አልቆመም" አሉኝ። መልሱ አላጠገበኝም።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ማታ ነገርኳት። እማዬ ሥዕሌን አትጠላም፤ ግን ሁልጊዜ "ልጄ፣ ሥዕል እንጀራ አይሆንም" ትለኛለች። የአፈወርቅን ታሪክ ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና "እሳቸው እኮ አንድ ናቸው፤ ያልሆነላቸውን ማን ጻፈልሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መልስ አላገኘሁላትም። ግን እኔ የምጠይቀው ሠዓሊ ካልሆንኩ ብዬ አይደለም። የሥዕል ክፍለ ጊዜያችን ፈተና በደረሰ ቁጥር የሒሳብ ማካካሻ ይሆናል። ሒሳብ ይቅር አላልኩም (ከላይ ስለ ፍየሎቹ ጽፌያለሁ)። በሳምንት አንዷ ክፍለ ጊዜ ብቻ በቦታዋ ትቆይልን። የሚመለከታችሁ መምህራን ይህን መጽሔት እንደምታነቡ አውቃለሁ።

ሌላም ጥያቄ አለን። አፈወርቅ የተማሩትን የመስታወት ሥዕል የሠሩበት አፍሪካ አዳራሽ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ሦስት ክፍል ሆኖ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። መስታወት ላይ ያለ ሥዕል ብርሃን አልፎበት ስለሚታይ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት አይመስልም ይባላል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ቦታው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ዝም ተብሎ አይገባም፤ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ክበባችን ደብዳቤውን አርቅቆ ጨርሷል፤ ማህተም ብቻ ነው የቀረው። ለመሄድ የምትፈልጉ ተማሪዎች እስከ ዓርብ ድረስ ስማችሁን በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የተንጠለጠለው ጠፍቷል።