ዝናብ፣ ድንበርና የሳፋሪ ዕቅድ፦ የሰረንጌቲና የማሳይ ማራ ጉዳይ

«ሳፋሪ» ከዓረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ብቻ ነው። የቱሪዝም ገበያ ቃሉን የዱር አራዊት ከመመልከት ጋር ካስተሳሰረው ወዲህ፣ ተጓዡ በቅድሚያ የሚመረምረው የማረፊያውን ደረጃና ዋጋውን ሆኗል። በሰሜን ታንዛኒያና በደቡብ ምዕራብ ኬንያ ግን የጉዞውን ውጤት ይበልጥ የሚወስኑት ዝናቡና ድንበሩ ናቸው።

የሰረንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሸፍን፣ በሰሜን የሚዋሰነው የማሳይ ማራ ጥብቅ ክልል 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ዋይልድቢስቶች፣ ከሜዳ አህዮችና ከሚዳቋዎች ጋር፣ በሁለቱ መካከል ዓመቱን ሙሉ ይዘዋወራሉ። የመንጋው መነሻ ተብሎ የሚወሰደው በደቡብ የሚገኘው የንዱቱ አካባቢ ነው። ከንጎሮንጎሮ ከፍታዎች እሳተ ገሞራዎች የወረደው አመድ አፈሩን በካልሲየምና በፎስፈረስ ስላበለጸገው፣ አጭሩ ሣር ለሚያጠቡ እናቶች ተስማሚ ነው። ስለዚህም አብዛኞቹ ግልገሎች ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወለዳሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚወለደው ብዛት አንበሳና ጅብ በልተው ከሚጨርሱት በላይ ነው። ሜዳው ሲደርቅ ግን ውሃ ስለማይገኝበት መንጋው በግንቦትና በሰኔ በምዕራቡ የግሩሜቲ ወንዝ በኩል አድርጎ ወደ ሰሜን ያመራል፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምትም የማራን ወንዝ በተደጋጋሚ ይሻገራል።

አዞ የሚጠብቀው ይህ መሻገር የማስታወቂያዎች ሁሉ መሪ ሥዕል ነው። ይሁንና ቀን አይቆረጥለትም። መንጋው ከወንዙ ዳር ሰዓታት ቆሞ ሊመለስ፣ በማግሥቱም በሌላ ስፍራ ሊሻገር ይችላል። በመሆኑም አንድ ሌሊት ብቻ ይዞ ወደ ማራ የሚሄድ ተጓዥ ገንዘቡን ለዕድል አሳልፎ ይሰጣል፤ ሦስት ወይም አራት ሌሊት በአንድ ስፍራ መቆየት ብዙ ፓርኮችን ከማዳረስ ይሻላል። የየካቲት ወሊድ በበኩሉ ለመመልከት የቀለለ ሆኖ ሳለ የሚገባውን ያህል አይነገርለትም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ቢሆኑም በሰረንጌቲ የደረቅ ወራት ናቸው። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ይጥላል፤ ሥርዓቱ ከመሐል አገሩ ይልቅ የቦረናን ይመስላል። በረጅሙ ዝናብ ወቅት ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥቁር አፈር ያለባቸው መንገዶች ጭቃ ስለሚሆኑ አንዳንድ ማረፊያዎች ይዘጋሉ።

ድንበሩን እንስሳቱ ያለ ፈቃድ ያልፋሉ፤ ጎብኚው አያልፍም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በፈረሰበት በ1977 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ድንበሯን ዘጋች። ድንበሩ በኋላ ቢከፈትም፣ ከማራ በቀጥታ ወደ ሰረንጌቲ የሚያስገባው መተላለፊያ ለጎብኚዎች አልተመለሰም። ስለዚህ በስተምዕራብ በኢሰባኒያ ወይም በስተምሥራቅ በናማንጋ ዞሮ መግባት ግድ ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ የሚሰጡት የ90 ቀን የጋራ የቱሪስት ቪዛም ታንዛኒያን አይጨምርም።

በጤና ረገድ የወባ መከላከያ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር ተመክሮ የሚጀመር ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀናት በኋላ ሲሆን፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኢትዮጵያ በሽታው ሊተላለፍባቸው ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለምትቆጠር፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ወረቀቱን ታንዛኒያ ሲገባ ይጠየቃል፤ በቦሌ ረጅም ሰዓት የቆየ መንገደኛም ሊጠየቅ ይችላል።

በትንንሽ አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ግራም ነው፤ እሱም በለስላሳ ቦርሳ የተያዘ መሆን አለበት። የፕላስቲክ ከረጢት ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከልክለዋል። የሰዓቱ አቆጣጠር ደግሞ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፦ በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ» የሚባለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይኸው ሰዓት በእንግሊዝኛ በተጻፈ የጉዞ ሰሌዳ ላይ 7 ተብሎ ስለሚሰፍር፣ ከሹፌሩ ጋር ሲቀጣጠሩ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።