ስለ ጥቅልል ጠጕር አያያዝና ስለ ጠጕር ቅባቶች ምንነት

ባለፉት ወራት ስለ መጠጥ ውኃ፥ ስለ ምግብ አያያዝና ስለ ጥርስ ንጽሕና ጽፈናል። በዚህ ወር የምንናገረው ስለ ጠጕር ነው። ይህ ነገር ለአንዳንድ አንባቢ ከጤና ጕዳይ ይልቅ የጌጥ ጕዳይ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ጠጕራቸውን እናሳምራለን ብለው የራሳቸውን ቆዳ ያቃጠሉ፥ የግንባራቸው ዳር ጠጕር ረግፎ ያልተመለሰላቸው፥ በራሳቸው ላይ በወጣው ላሽ አፍረው ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች መኖራቸውን ያየ ሰው፥ ነገሩ የጌጥ ብቻ አለመሆኑን ይረዳዋል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ እናስብ። እናቷ ለበዓል ብላ ጠጕሯን በሹሩባ አሠራቻት። በማግሥቱ ግንባሯ ተወጥሮ ራሷን አመማት፤ በጠጕሯም ዳር ትንንሽ ብጕር ወጣ። እናቲቱ ግን «ጠበቅ ካላለ አያምርም፥ አይቈይምም» ብላ አጽናናቻት። በትምህርት ቤትም ጓደኞቿ «ከርዳዳ» እያሉ ስለሚያሾፉባት፥ ልጅቱ ከሱቅ የጠጕር ማለስለሻ ለመግዛት በስውር ሳንቲም ታጠራቅማለች። እናትም ልጅም ክፉ አላሰቡም፤ የጐደላቸው ዕውቀት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ጕድለት ለመሙላት ነው።

1ኛ፤ ስለ ጠጕር አፈጣጠር

በሰው ራስ ላይ በግምት 100,000 ያህል ጠጕር አለ። እያንዳንዱም በወር 1 ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል። በቀን ከ50 እስከ 100 ያህል ጠጕር ቢረግፍ የተፈጥሮ ሥርዐት ስለ ሆነ አያስደነግጥም፤ በምትኩ ሌላ ይበቅላልና።

ከቆዳ በላይ የሚታየው ጠጕር ሕይወት የለውም። የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ነገር ነው፤ ጥፍራችንም የተሠራው ከዚሁ ነው። ከውጭ በኩል በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፥ ቅርፊቶቹም እንደ ቤት የሣር ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ከሥር ወደ ጫፍ ይወርዳሉ። ክዳኑ በደኅና ሲተኛ ጠጕሩ ያንጸባርቃል፥ ርጥበቱንም ይይዛል፤ ክዳኑ ሲነሣ ግን ይሻክራል፥ ይደርቃል፥ ይሰበራል።

ጠጕር ዞማ ወይም ጥቅልል የሚሆነው ከቆዳ ውስጥ የሚበቅልበት ሥር እንደ ተፈጠረበት ቅርጽ ነው። ሥሩ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ጠጕሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሥሩ የተቈለመመ እንደ ሆነ ጠጕሩም ተጠቅልሎ ይወጣል፥ ውፍረቱም ድቡልቡል ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፥ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው የተፈጥሮ ቅባት በጥቅልሉ ላይ እየዞረ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስለሚቸግረው፥ ጫፉ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛው፥ ጠጕሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ደካማ ስለ ሆነ፥ ሲጐትቱት በዚያ ይሰበራል። «የእኔ ጠጕር አያድግም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጠጕሩ ማደጉን አልተወም፤ ከሥር እያደገ ከጫፍ ስለሚሰበር ብቻ ነው። እንግዲህ የጥቅልል ጠጕር አያያዝ ሁሉ በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ ርጥበቱን መጠበቅ፥ ከመሰበርም ማዳን።

2ኛ፤ ስለ አስተጣጠብ

የራስ ቆዳ ላብ፥ አቧራና አሮጌ ቅባት ይከማችበታል። ስለዚህ ጥቅልል ጠጕር ያለው ሰው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢታጠብ ይበቃዋል። ፎረፎር የሚያስቸግረው ወይም ብዙ የሚያልበው ሰው ግን በየሳምንቱ ቢታጠብ ይሻለዋል። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ የተፈጥሮውን ቅባት አጥቦ ስለሚወስደው ጠጕሩን ያደርቃል።

የልብስ ሳሙና ለጠጕር አይስማማም። የጠጕርና የቆዳ ጠባይ በጥቂቱ ወደ ኮምጣጣነት ያዘነበለ ሲሆን፥ ሳሙና ግን የዚህ ተቃራኒ ስለ ሆነ የጠጕሩን ቅርፊት ያነሣዋል፤ ጨው በበዛበት ውኃም ሲታጠቡበት ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። በቈላ አገር የሚኖሩ ሰዎች የቍርቍራ ቅጠል ወቅጠው ራሳቸውን የሚታጠቡበት ልማድ አለ። ቅጠሉ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ነገር ስላለበት ዕድፍን ያነሣል። ሻምፖ የሚገዛ ሰው ደግሞ የትኛውን እንደሚመርጥ ከዚህ በታች በ5ኛው ክፍል እንገልጻለን።

በሚታጠቡበት ጊዜ ሻምፖውን በራስ ቆዳ ላይ በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አያሹትም። ጫፉ አረፋው ሲወርድበት ብቻ ይጸዳል። ከዚያም በለብታ ውኃ ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ስለ ቅቤና ስለ ቅባት

እናቶቻችን ጠጕርን በለጋ ቅቤ ሲቀቡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የቅቤን ሥራ በትክክል መረዳት ይገባል። ቅቤና ዘይት ለጠጕር ውኃ አይሰጡም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይተን ይከድኑታል እንጂ። ይህን በእንጀራ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ትኵስ እንጀራ በመሶብ ቢከደን ለስላሳ ሆኖ ይቈያል፤ የደረቀ እንጀራ ግን ወደ መሶብ ቢገባ በመከደኑ ብቻ አይለሰልስም። ስለዚህ ቅቤ ወይም ዘይት ጠጕሩ ታጥቦ ገና ርጥብ ሳለ በጥቂቱ ቢቀቡት ይጠቅማል፤ በደረቀና ባደፈ ጠጕር ላይ በየቀኑ ቢደርቡት ግን አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ከዘይቶችም መካከል የኮኮናት ዘይት ወደ ጠጕር ውስጥ ሠርጎ ስለሚገባ፥ በሚታጠቡበት ጊዜ ከጠጕሩ የሚጠፋውን ኬራቲን እንደሚቀንስ በምርመራ ታውቋል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለ ሆነ ለመክደን ይረዳል። ተልባ ተፈልቶ የሚወጣው ዝልግልግ ውኃም የጠጕሩን ጥቅል ለመያዝ ያገለግላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በጥቂት ቀን ውስጥ መጨረስ ይገባል።

ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤን ከራስ ቆዳው ላይ ለብዙ ቀን እንዳያቈይ እንመክራለን። በቆዳ ላይ የሚኖረውና ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ሕዋስ የሚመገበው ቅባት ነውና። እንደዚህ ያለው ሰው ቅባቱን ከጠጕሩ ጫፍ ላይ ብቻ ቢያደርግ ይበጀዋል። ጠጕርን በፍጥነት የሚያስረዝም ቅባት አለ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴም ቢያጋጥማችሁ፥ ቅባት ጠጕርን ከመሰበር ሊያድን ይችላል እንጂ የሥሩን እድገት እንደሚያፋጥን አልተረጋገጠም።

4ኛ፤ ስለ ማበጠርና ስለ ሹሩባ

ጥቅልል ጠጕር ደርቆ ሳለ በጠባብ ማበጠሪያ ቢያበጥሩት ይሰበራል። ስለዚህ በውኃና በማለስለሻ ቅባት ካረጠቡት በኋላ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፥ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥር እየወጡ ማበጠር ይገባል። ማታም ለስላሳ ሻሽ አስረው ቢተኙ ጠጕሩ ከትራስ ጋራ አይፋተግም።

ሹሩባ ያማረ የአባቶችና የእናቶች ባህል ነው፤ ጠጕርንም ከየቀኑ ማበጠር ስለሚያሳርፈው ይጠቅማል። ጕዳቱ ከመጥበቁ ነው። ሹሩባው ራስን ካሳመመ፥ ቆዳውን ከወጠረ፥ በዳሩም ብጕር ካወጣ፥ ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ መፍታት ያስፈልጋል። ነገሩ ገና ሳይቈይ ከተዉት ጠጕሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀርና ዳግመኛ አይበቅልም። ሰው ሠራሽ ጠጕር በሚቀጠልበትም ጊዜ ክብደቱ የሥሩን መጐተት ስለሚያብሰው፥ ጥንቃቄው ከዚህ የበለጠ ይሁን።

5ኛ፤ በጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ስለ ማንበብ

ከውጭ አገር በሚመጣ የሻምፖና የቅባት ጠርሙስ ጀርባ ላይ በውስጡ ያሉት ነገሮች ስም በረቂቅ ፊደል ተዘርዝሯል። በብዙ አገር ሕግ መሠረት አስቀድሞ የሚጻፈው መጠኑ የሚበዛው ነው፤ ከመቶ 1 እጅ በታች የሆኑት ግን በመጨረሻ እንደ ወደዱ ይደረደራሉ። እንግዲህ በስሙ ስለ ማር ወይም ስለ ወይራ የሚያወራ ቅባት፥ ማሩና ወይራው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተገኙ፥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ነው። «አኳ» የሚለው ቃል ውኃ ማለት ነው። የቀሩትን በየወገናቸው እናስረዳለን።

ሀ) አጣቢዎች፤ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ብርቱ አጣቢ ስለ ሆነ ጥቅልል ጠጕርን ሊያደርቅ ይችላል። ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት ከዚህ ለስለስ ይላል፤ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ደግሞ ከሁለቱም የለዘበ ነው።

ለ) ውኃ ሳቢዎች፤ ዋናው ግሊሰሪን ነው። ርጥበትን ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል።

ሐ) አለስላሾች፤ ሴቲል አልኮልና ሴቴአሪል አልኮል ናቸው። «አልኮል» የሚለው ስም አያስፈራችሁ፤ እነዚህ እንደ ሰም ያሉ ቅባታም ነገሮች ናቸው። የሚያደርቀው «አልኮል ዴናት» የሚባለው፥ ቶሎ የሚተነው ነው።

መ) ሸፋኞች፤ ቫዝሊንና ዳይሜቲኮን ጠጕሩን ከላይ ይከድናሉ። መርዝ አይደሉም፤ ነገር ግን ስለሚደራረቡ በየጊዜው በሻምፖ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሠ) ከመበላሸት የሚጠብቁ፤ ፓራቤንና ፌኖክሲኢታኖል ከነዚህ ናቸው። ውኃ ያለበት ቅባት ያለ ጠባቂ ቢቀመጥ ተሐዋስያን ይፈሉበታል። ስለዚህ በቤት የተዘጋጀ ቅባት ለብዙ ጊዜ አይቀመጥ።

ረ) ሽቱ፤ «ፓርፉም» ተብሎ ይጻፋል። ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ሽቱ የሌለበትን ቢመርጥ መልካም ነው።

6ኛ፤ ብርቱ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልጋቸው ነገሮች

ጠጕርን ለዘለቄታ ቀጥ የሚያደርገው ማለስለሻ በብዙው የሚሠራው ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይኸውም ሳሙና የሚፈላበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። የጠጕሩን ውስጣዊ ማሰሪያ ስለሚሰብር ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ማሰሪያው በተሰበረ መጠን ጠጕሩ ይደክማል። ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ቢነካ እስከ ማሳወር ሊያደርስ ይችላል። «ኮስቲክ የሌለበት» ተብሎ የሚሸጠውም ብርቱ ነውና አያዘናጋችሁ። ለልጆች ፈጽሞ አይገባም። በቤት ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ መቀባትም እጅግ አደገኛ ነው። ቆዳን ወይም ዓይንን የነካ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ እያፈሰሱ ማጠብና በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በአንዳንድ ጠጕር ቤት «ኬራቲን» እየተባለ የሚቀባውና በካውያ የሚተኰሰው መድኀኒት ፎርማልዲሃይድ ሊኖርበት ይችላል። ሲሞቅ የሚወጣው ጋዝ ዓይንንና ጕሮሮን ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ወገን መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በ33,497 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፥ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የጠጕር ማለስለሻ የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው ግምት እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ከመቶ 4.05 ሲሆን፥ ፈጽሞ ያልተጠቀሙት ግን ከመቶ 1.64 መሆኑን አሳይቷል። ይህ ጥናት ማለስለሻው ለበሽታው ምክንያት መሆኑን ጨርሶ ባያረጋግጥም፥ ለመጠንቀቅ ይበቃል።

በጥቁር የጠጕር ቀለም ውስጥ የሚገኘው ፓራፌኒሌንዲያሚን በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ብርቱ እብጠትና ማሳከክ ያመጣል፤ ቢውጡትም ይገድላል። ስለዚህ ከመቀባት 2 ቀን አስቀድሞ ጥቂት በክንድ ላይ መፈተን፥ ዕቃውንም ልጆች ከማይደርሱበት ማኖር ይገባል። ለቅማልም ብሎ ነጭ ጋዝ በራስ ላይ ማፍሰስ ቃጠሎና ሞት ያስከትላልና ፈጽሞ አይደረግ።

7ኛ፤ ለመምህራን የተሰጠ ማሳሰቢያ

በተማሪ ራስ ላይ ጠጕሩ በክብ ቦታ ተሰብሮና ቆዳው ተቀርፍቶ ከታየ፥ ላሽ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ የሚመጣው ከፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያ፥ በባርኔጣና ባልጸዳ መላጫ ይተላለፋል። ከላይ በሚቀባ መድኀኒት ብቻ ስለማይድን፥ ሐኪም የሚያዝዘውን የሚዋጥ መድኀኒት ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። መምህሩ ልጁን በክፍል ፊት ሳያሳፍር ለብቻው ጠርቶ፥ ለወላጆቹ ቢነግርና ወደ ጤና ጣቢያ ቢልከው ትልቅ ሥራ ሠራ ይባላል።

ከዚህም ጋራ «ከርዳዳ» እያሉ መሳለቅን መምህራን በክፍላቸው እንዳይፈቅዱ እንለምናለን። ልጅቱን ወደ ኮስቲኩ የሚገፋት ጠጕሯ ሳይሆን ስድቡ ነውና። ጠጕር ጥቅልል የሚሆነው በሥሩ ቅርጽ ምክንያት መሆኑ በሳይንስ ትምህርት ጊዜ ቢገለጽ፥ የሚያሾፈውም የሚሾፍበትም ይማሩበታል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤
1. ጥቅልል ጠጕር ከዞማ ጠጕር ይልቅ ቶሎ የሚደርቀው ስለ ምንድን ነው?
2. ቅቤ በርጥብ ጠጕር ላይ መቀባት የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. ሹሩባ መጥበቁ በምን ይታወቃል?
4. በዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው ነገር ምን ያስረዳል?

በመጀመሪያ ወዳነሣናት ልጅ እንመለስ። እናቷ ይህን ትምህርት ብታገኝ፥ በዚያው ቀን ሹሩባውን ፈትታ፥ ራሷን በለዘበ ሻምፖ አጥባ፥ ገና ርጥብ ሳለ ጥቂት ቅባት ቀብታ፥ በሚዶ ከጫፉ ጀምራ ታበጥርላታለች፤ ሹሩባውንም ሲረግብ ታሠራላታለች። የሚፈለገው ወጪ ጥቂት ነው፤ ትርፉ ግን ልጅቱ ዕድሜዋን ሁሉ የምትሸከመው የራሷ ጠጕር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ በማሰብ፥ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ለጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው በትሕትና እናሳስባለን።