በብርድ ወራት ለእንስሶቻችን የሚገባ ርኅራኄ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ የክርስቲያን ምግባር በጸሎት ቤትና በሰው ፊት ብቻ የሚታይ አይደለም። በሌሊት በሩ ከተዘጋ በኋላ፥ በግቢው ማዕዘን ታስሮ በሚያድረው ውሻና በሜዳ ቆሞ በሚያነጋው አህያም ላይ ይታያል። ሰው ያየናል ብለን የምናደርገው ቸርነት ብዙ ነው። እንስሳ ግን የተደረገለትንም የተደረገበትንም ለማንም አይናገርምና፥ ለእርሱ የምናደርገው ነገር የልባችንን እውነት ይገልጣል። ስለዚህ በብርድ ወራት ለእንስሶቻችን ምን ልናደርግ እንደሚገባን በዚህች ትንሽ ጽሑፍ እንመርምር።

አንደኛ፤ ብርዱ ከወዴት እንደሚመጣ

የየካና የእንጦጦ ሰው ብርድን ያውቃል። የከተማው መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፥ በመገናኛ ቀዝቀዝ ያለው ሌሊት በተራራው ላይ እጅግ ይበረታል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ከተቀመጡ በኋላ ወደ ፍል ውኃ ከወረዱበት ምክንያት አንዱ ይኸው ብርድ ነበረ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በዚያ ሙቅ ምንጭ አቅራቢያ ተቆረቆረች። እንግዲህ ነገሥታት ብርዱን ሸሽተው ከወረዱ፥ በገመድ የታሰረና መውረድ የማይችል እንስሳ ምን ያድርግ?

ብርዱም ሁለት ዓይነት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የክረምት ብርድ እርጥብ ነው፤ ዝናሙ የእንስሳውን ጠጕር አርሶ የሰውነቱን ሙቀት ይወስድበታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ደመና የለውምና ምድር በቀን የሰበሰበችው ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፥ በንጋትም ጊዜ ውርጭ በሣሩ ላይ ይታያል። ደግሞም ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ በወንዝ ዳርና በሸለቆ ያለ ግቢ ከኰረብታው ወገብ ይልቅ ይበርደዋል።

ሁለተኛ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር የሚሉት

ጠቢቡ ሰሎሞን የጻድቅንና የክፉን ሰው ልዩነት ሲያሳይ፥ የሚለዩበትን ምልክት በከብታቸው አያያዝ ላይ አደረገው (ምሳሌ 12፥10)። የሰንበት ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያም ተሰጠ (ዘጸአት 23፥12)። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው አልፈኸው እንዳትሄድ ታዘሃል (ዘጸአት 23፥5)፤ ከጌታው ጋር ያለህ ጠብ ከአህያው ጋር አይደለምና። እግዚአብሔርም ነነዌን ስለ ማዳኑ ከዮናስ ጋር በተነጋገረ ጊዜ፥ ሕዝቡን ከቈጠረ በኋላ እንስሶቹን አልረሳም (ዮናስ 4፥11)።

ምናልባት፦ “ሰው በየመንገዱ በብርድ ሲያድር አንተ ስለ ውሻ ትሰብካለህን?” የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ለውሻው ቤት ሠርቶ ዘበኛውን ያለ ብርድ ልብስ የሚያሳድር ሰው በእውነት ይፈረድበታል፤ ሰው በእግዚአብሔር ምሳሌ ተፈጥሮአልና ይበልጣል። ነገር ግን ለእንስሳ የራራ ልብ ለሰው የሚሰጠው ያልቅበታል ማለት ስሕተት ነው። ይህንንም ከታሪክ እንረዳለን። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1824 በሎንዶን ከተማ በእንስሳ ላይ የሚደረገውን ጭካኔ የሚቃወም ማኅበር በተመሠረተ ጊዜ፥ አሳቡን ያነሣው አርተር ብሩም የተባለ ቄስ ነበረ፤ ስለ ማኅበሩም ዕዳ በኋላ እስከ መታሰር ደረሰ። ከመሥራቾቹም አንዱ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ዕድሜውን ሁሉ የደከመው ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው። ስለ ሰው ነጻነት ብዙ የደከመው ሰው ስለ እንስሳም የሚሆን ጊዜ አላጣም።

የአገራችንም ታሪክ የሰውና የእንስሳ ኑሮ የተጋመደ መሆኑን ይመሰክራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን መጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነበረ፤ በሬው በበሽታ ባለቀ ጊዜ ማሳው ጦም አደረ፥ ሰውም በራብ አለቀ። ዛሬም አንድ አህያ ብቻ ያለው ሰው፥ አህያው በብርድ ታሞ ቢሞትበት የልጆቹ እንጀራ ይቋረጣል። ስለዚህ ለእንስሳ መራራት የባለጠጋ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሻና ስለ ድመት

በአገራችን ብዙ ሰው ውሻ ወደ ቤት እንዲገባ አይወድም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ውሻን ከብርድ ለማዳን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ግድ አይደለምና። ነገር ግን ከእንጦጦ ጫካ የሚወርደውን ጅብና በጨለማ የሚመጣውን ሌባ ሲጠብቅልህ የሚያድር እርሱ ነው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል፤ እርሱ ግን ባልበላበትም ሌሊት ሲጮኽልህ ያድራል። ስለዚህ ደረቅ ማደሪያ ልትሰጠው ይገባሃል።

ማደሪያውንም እንዲህ አድርገህ ሥራ። ውሻው ቆሞ ሊዞርበት የሚበቃ ይሁን እንጂ እጅግ ሰፊ አይሁን፤ ትንሹን ቤት በገዛ ትንፋሹና በገላው ያሞቀዋል፥ ሰፊውን ግን አይችለውም። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ አድርገው፤ ከነፋስ ይልቅ እርጥብ መሬት ሙቀትን ይመጥጣልና። ቆርቆሮ ብቻውን በሌሊት ይቀዘቅዛልና ከበታቹ እንጨት ምታበት። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት ወገን አዙረው፥ ጆንያም አንጠልጥልበት። ለምንጣፉ ከአሮጌ ጨርቅ ይልቅ ደረቅ ጭድ ይሻላል፤ ጨርቅ እርጥበትን ይዞ ይቀዘቅዛል፥ ጭድ ግን በውስጡ አየር ይዞ ያሞቃል። በረጠበም ጊዜ ቶሎ ለውጠው።

የታሰረ ውሻ ሮጦ ሊሞቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ እስከ ማደሪያውና እስከ ውኃው የሚደርስ ይሁን። ሰውነት በብርድ ጊዜ ለሙቀት የሚያቃጥለው ምግብ ይፈልጋልና፥ የማታ ትርፍራፊን ለነገ አታሳድርበት። ቡችሎችና የድመት ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉም፤ ከእናታቸው ለይቶ በሜዳ መጣል መግደል ነው። ድመትም ሙቀት ፈልጋ በመኪና ሞተር ውስጥ ትገባለችና፥ መኪና ያለህ ሰው በማለዳ ከማስነሣትህ በፊት ክዳኑን በእጅህ መታ መታ አድርግ።

አራተኛ፤ ስለ አህያ

ከካራ በኩል እህል፥ ከእንጦጦም የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሞ የሚወርደው አህያ ከሁሉ ይልቅ የተናቀ ነው። ብዙ ሰው አህያ ብርድ አይሰማውም ይላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የአህያ ዘር የመጣው ከበረሃ ነው፤ ከዱር አህዮች ጥቂቶቹ ዛሬም በአፋር በረሃ ይገኛሉ። ስለዚህ የአህያ ጠጕር ዝናምን እንደ ፈረስ ጠጕር አይከላከልም፥ ውኃውም ቶሎ ወደ ቆዳው ይዘልቃል። በክረምት ጊዜ በዝናም ውስጥ አስሮ ማሳደር ትልቅ ጭካኔ ነው፤ ሦስት ግድግዳና ጣራ ያለው ደረቅ በረት ይበቃዋል።

ጭነቱን ባራገፍህለት ጊዜ ላቡ ሳይደርቅ በነፋስ ፊት አታቁመው፤ ጀርባውን በጭድ እሸው። በጀርባው የሚደረገው ጆንያ እርጥብ እንደ ሆነ በማግሥቱ አትጫነው፤ ገጣባ የሚወጣው ከዚህ ነውና። በጭቃ ቆሞ የሚያድርም እንስሳ ሰኮናው ይበሰብሳል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጭነት ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ አንባቢ ሆይ፥ አንተ ካላወቅህ ከእነርሱ ጠይቅ።

አምስተኛ፤ ስለ ብርድ ሕመምና ስለ ክፉ መድኃኒት

እንስሳ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፥ ጆሮውም ይቀዘቅዛል። መንቀጥቀጡን ትቶ ቢፈዝዝ ግን ዳነ አትበል፤ ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው። ወደ ደረቅ ስፍራ አግባው፥ በጨርቅ አድርቀው፥ ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልለህ በአጠገቡ አኑር፤ ወደ እሳትም አታቅርበው፥ ቀስ በቀስ ይሙቅ። ካልተሻለውም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው።

ከአራት ነገር ተጠንቀቅ። አረቄ አታጠጣው፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የገላን ሙቀት ያወጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በእከኩ ላይ አትቀባ፤ ቆዳውን ያቆስላል፥ ሲልሰውም ይመርዘዋል። የሰው መድኃኒት አትስጠው፤ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ከሰልም በተዘጋ ቤት አታንድድ፤ ሽታና መልክ የሌለው መርዝ ያወጣልና እንስሳውንም ጌታውንም በእንቅልፍ ይገድላል።

ርኅራኄም ከጥበብ ጋር ይሁን። ውሻህን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበው። የማታውቀውን ውሻ ልትረዳ ብትወድድ ምግቡን ከሩቅ አኑርለት። ቢነክስህ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠብ፥ ሳትውልም ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ራስህን መርምር

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለራስህ አቅርብ። በግቢዬ ያለው እንስሳ የሚያድርበት ስፍራ ደረቅ ነውን? ዛሬ የጫንሁት ጭነት ለራሴ ቢጫንብኝ እችለው ነበርን? ልጆቼ ከእኔ የሚማሩት ርኅራኄን ነው ወይስ ድንጋይ መወርወርን? ዘበኛዬና ጎረቤቴስ በምን ተሸፍነው ያድራሉ?

ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ብታጣ፥ ሳይነጋ ተነሥተህ አንድ እቅፍ ጭድ ውሰድ። ሥራው የሩብ ሰዓት ነው፤ የሚታይልህም ሰው የለም። ነገር ግን የድንቢጦችን ቍጥር የማይረሳ አባት ያያል። እርሱ የሚራራ ልብ ይስጠን፤ አሜን።